በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመትና የአዬዮ ድሪ

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ከፊልቱ የተላከልን ሦስት ገጽ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የስድስት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ «የፊልቱው አባት» እያልን እንጠራቸዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኚህ አባት እናት፣ የልጆቹ አዬዮ፣ ሲያርፉ የተዉት አንድ የብር ድሪ አለ። በድሪው ላይ ዘጠኝ ጠገራ ብር ተንጠልጥሎበታል። ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ልጃቸው ለጥየቃ መጥታ ስትመለስ አንዱን ብር ይዛ ሄደች። በአሜሪካ አሮጌ ሳንቲሞችን መርምረው፣ ማንነታቸውን ለይተውና ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ አሽገው የሚመልሱ ኩባንያዎች አሉ። ልጅቷም ብሩን ከመሰለው ኩባንያ ወደ አንዱ ላከችው። ቤተሰቡ ተስፋ ያደረገው ብሩ በጥሩ ዋጋ ከተሸጠ ነጌሌ ኮሌጅ የምትማረውን የልጅ ልጅ ክፍያ ይሸፍናል ብሎ ነበር።

ከወራት በኋላ ብሩ ታሽጎ ተመለሰ። በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ማርያ ትሬዛ፣ 1780፣ ዳግም ኅትመት። የጌጥ ማንጠልጠያ ጠባሳ ያለበት፣ የተወለወለ።» የደረጃ ቁጥር አልተሰጠውም።

የፊልቱው አባት ተቆጥተዋል። «ዓመቱ በራሱ በብሩ ላይ ተጽፏል። እነሱ ከብሩ ይበልጣሉ ወይ?» ይላሉ። «አባቴ በጣሊያን ጊዜ ግመል ሸጦ ያመጣው ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። ይኸው አሁን ልጆቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ‹ሐሰተኛ ከሆነ ድሪውን በሙሉ ለአንጥረኛ በሚዛን እንሽጠው› ይላሉ። እኔ ደግሞ ለኩባንያው የሚገባውን መልስ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልሳችንን ከሚያስቸኩለው ጉዳይ እንጀምር፤ አንጥረኛው እሳት ሳያነድ። በተመለሰው ወረቀት ላይ «ሐሰተኛ» የሚል ቃል የለም። «ዳግም ኅትመት» እና «ሐሰተኛ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆችዎ የተጣሉት ኩባንያው ባልተናገረው ቃል ነው።

ሞተው የታተሙት ንግሥት

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። በብሩ ላይ ሻሽ ተከናንበው የሚታዩት ባላቸው በ1765 ስለሞቱባቸው ነው፤ የመበለት ልብስ ነው። በስማቸው የሚታተመው ትልቅ ብር በእርሳቸው ዘመን በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ገበያዎች ስሙ ገንኖ ነበር። ነጋዴው መልኩን ለምዶታል፣ ሚዛኑን ያምነዋል። ስለዚህ ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላ ማተሚያ ቤቶቹ መልኩንም ዓመቱንም ሳይነኩ ማተማቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ «1780» ይላል። በቬና፣ በፕራግ፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ ታትሟል። ዛሬም የቬና ማተሚያ ቤት ያትመዋል። በጠቅላላው የታተመው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው።

የአገራችን ነጋዴ ብሩን የሚቀበለው ዝም ብሎ አልነበረም። ከንግሥቲቱ ጡት በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ያያል፤ የዘውዳቸውንና የደረት ጌጣቸውን ሉሎች በጣቱ ይዳስሳል። ነጥቦቹ የጠፉበትን፣ ያረጀውን፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ያብለጨለጨውን ይመልሳል። አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በፓሪስ ካሳተሙ በኋላ እንኳ ብዙ ገበያ ማርያ ትሬዛን አልተወም። ጣሊያንም በ1918 እ.ኤ.አ. ይህን ብር የሚመስል ታላሪ አትማ ነበር፤ ሕዝቡ መልኩ የተለየ መሆኑን አይቶ አልተቀበለውም። የእኛ አያቶች ያለ ማጉያ መነጽር ጥሩ መርማሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ወደ ፊልቱ መንገድ የሚወስደን ታሪክ ይመጣል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወታደር መቅጠር፣ ከብትና ግመል መግዛት፣ ባላባት መደለል ነበረበት። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ጠገራ ብር ነበር። ስለዚህ ከኦስትሪያ ማተሚያ ቅርጹን ወስዶ በሮም ማተም ጀመረ። ቬና በሯን ስትዘጋባቸው ሌሎችም የየራሳቸውን ማተም ያዙ፤ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ በነዚያው ዓመታት፣ ቦምቤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በርሚንግሃም ከጦርነቱ በኋላ። ሁሉም «1780» የሚለውን ይዘው።

በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነስቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶርያ በኩል እየገፋ ነጌሌ ገባ። ዛሬ ፊልቱ ያለችው በዚሁ በዶሎና በነጌሌ መካከል በሚዘረጋው አገር ነው። የፊልቱው አባት «አባቴ በጣሊያን ጊዜ ግመል ሸጦ ያመጣው» ያሉት ጊዜ ይህ ነው።

አባታችን፣ እንግዲህ ነገሩን ልብ ይበሉ። የእርስዎ የራስዎ ታሪክ የኩባንያውን ቃል አያፈርስም፤ እንዲያውም ከእርሱ ጋር ይስማማል። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ግመል የሸጠ ሰው እጅ የገባ ብር በሮም የታተመ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት በቬና ታትሞ በዘይላ ወይም በበርበራ በኩል የመጣም ሊሆን ይችላል። ንግሥቲቱ በሕይወት ሳሉ የታተመ የመሆን ዕድሉ ግን በጣም ጠባብ ነው። አባትዎ አልተታለሉም። የተቀበሉት ሙሉ ሚዛን ያለው ብር ነው፤ በሮም ይታተም በቬና፣ በውስጡ ያለው የብር መጠን አንድ ዓይነት ነበር።

ኩባንያው የተናገረው ሦስት ነገር

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ ሦስት ፍርዶችን ለዩ። የመጀመሪያው «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የትኛው ነው? የት፣ መቼ ታተመ?» የሚለው ነው። ሦስተኛው «በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?» የሚለው ነው። ሰው የሚሳሳተው ሦስቱን በአንድ ላይ ሲያነብ ነው።

በመጀመሪያው ፍርድ ኩባንያው ለቤተሰቡ መስክሯል። ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባለ ጽሑፍ አሽጎ አይመልሰውም ነበር።

በሦስተኛው ፍርድም የሚከራከሩበት ነገር የለም፤ ቢያስከፋም። እነዚህ ኩባንያዎች ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩ የሚለካው ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ ከነበረው መልክ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ጆሮ ተበይዶበት የነበረ፣ የተበሳ ወይም የተወለወለ ሳንቲም ቁጥር አያገኝም፤ ጉዳቱ በጽሑፍ ይመዘገባል። በቆላው አገር ግን ጠገራ ብር ጆሮ የሚበየድለት ለክብር ነው፤ የሙሽራ ጌጥና የቤተሰብ ሀብት ስለሆነ። አዬዮ ለበዓል በአመድና በሎሚ ፈትገው የሚያበሩትም ለዚሁ ነው። ኩባንያው «ጠባሳ» ያለው የእርሳቸውን የሙሽርነት ምልክት ነው። ለሳንቲም ሰብሳቢ ጉዳት ነው፣ ለቤተሰብ ማስረጃ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ኩባንያው የተጠየቀው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

መከራከሪያ ያለው በሁለተኛው ፍርድ ነው። ኩባንያው «ዳግም ኅትመት» ብሎ አቁሟል፤ የት እንደታተመ አልተናገረም። ይህ ጎዶሎ መልስ ነው። የማርያ ትሬዛን ብር የሚያጠኑ ሰዎች በንስሩ ጭራ ላይ ያሉትን ላባዎች፣ የደረት ጌጡን ቅርጽ፣ የነጥቦቹን አቀማመጥና የጠርዙን ጽሑፍ እያዩ አንዱን ማተሚያ ቤት ከሌላው ይለያሉ። ዋልተር ሃፍነር የተባለ ተመራማሪ ስለዚህ አንድ ብር ብቻ ትልቅ መዝገብ አዘጋጅቷል። ስለዚህ «የንግሥቲቱ ዘመን ነው በሉልኝ» ከማለት ይልቅ «ከየትኛው ማተሚያ ቤት ነው? ለዩልኝ» ማለት የሚያዋጣ ጥያቄ ነው።

መርማሪውም ይሳሳታል

ኩባንያ ያለው ሁሉ የመጨረሻ ቃል ነው ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ በስፖርት ካርዶች ዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ሆነስ ዋግነር የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ያለበት፣ ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ከትምባሆ ጋር ይሰጥ የነበረ ትንሽ የወረቀት ካርድ ነው። ጥቂት ብቻ ስለቀረ ከሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1991 ዌይን ግሬትዝኪ የተባለው ዝነኛ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ከአንድ ባለሀብት ጋር ሆኖ አንዱን በ451,000 ዶላር ገዛ። ፒኤስኤ የተባለው መዳቢ ኩባንያ ደረጃ 8 ሰጠው፤ ይህም ኩባንያው የመዘገበው የመጀመሪያ ካርድ ሆነ። በ2007 ዋጋው 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ «ጠርዙ ተቆርጧል፤ ከዕድሜው በላይ ስለታም ነው» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የሚሰማቸው ግን አልተገኘም። በ2013 ካርዱን ቀደም ሲል የሸጠው ቢል ማስትሮ የተባለ ታዋቂ አጫራች በቺካጎ ፍርድ ቤት ጠርዙን ራሱ መቁረጡን አመነ። የተቆረጠ ካርድ ደግሞ በኩባንያዎቹ በራሳቸው ሕግ የደረጃ ቁጥር አይገባውም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ተጠራጣሪዎቹ የተከራከሩበትን መንገድ ነው። «እኛ እናውቃለን» ብለው አልቆሙም፤ ጠርዙን አሳዩ። ክርክራቸው ከዕቃው ላይ የሚታይ ነበር።

ለኩባንያው ምን ይጻፍ?

በመጀመሪያ ብሩን ከነማሸጊያው ያቆዩት። ማሸጊያው ከተሰበረ ኩባንያው ለሰጠው ቃል ያለበት ኃላፊነት አብሮ ይቀራል። በሁለተኛ ደረጃ በድሪው ላይ የቀሩትን ስምንት ብሮች ፊትና ጀርባቸውን፣ እንዲሁም ጠርዛቸውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሱ። በስልክ የተነሳ ይበቃል፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታርፍበት ጥላ ሥር ያድርጉት።

ለሚዛን የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይጠቀሙ። ትክክለኛው ጠገራ ብር ወደ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያረጀ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጆሮ ያለው ትንሽ ይጨምራል። በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ፤ ትርጉማቸው «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው፣ የንግሥቲቱ መሪ ቃል። በአፈር ቅርጽ ቀልጠው የተሠሩ ሐሰተኞች ብዙ ጊዜ የሚጋለጡት በዚህ ጠርዝ ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ብር አይደለም።

ከዚያ ልጅዎ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ይህ ብር እውነተኛ መሆኑንና ዳግም ኅትመት መሆኑን ተቀብለናል። ጥያቄያችን አንድ ነው። ከየትኛው ማተሚያ ቤት እንደወጣ እንድትለዩልን እንጠይቃለን። በቤተሰባችን ታሪክ መሠረት ብሩ በደቡብ ኢትዮጵያ እጃችን የገባው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጊዜ ነው። አብረውት የነበሩትን የስምንት ብሮች ፎቶና ሚዛን አያይዘናል። መለየት የማይቻል ከሆነ ምክንያቱን ብትነግሩን እናመሰግናለን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የጠየቀው ነገር ግን ግልጽ ነው። ኩባንያዎቹ «እንደገና ይታይልኝ» ለሚል ደንበኛ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው፤ ክፍያውን አስቀድማ ትጠይቅ። መልሱ አሁንም ካላጠገበ ሌላ መርማሪ መጠየቅ መብት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሮም የታተመም ሆነ በለንደን፣ በብዛት የታተመ ጠገራ ብር ዋጋው በውስጡ ካለው ብር ብዙ አይርቅም። የኮሌጅ ክፍያ ተስፋችሁን በዚህ ደብዳቤ ላይ አትጣሉ።

ሣጥን ያላችሁ ሁሉ

ይህ ነገር የፊልቱን ቤተሰብ ብቻ የሚመለከት አይደለም። በነጌሌም፣ በሞያሌም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም የአያት ሣጥን ውስጥ አሮጌ ገንዘብ አለ። በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ያነሳው እግር ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው እንኳ አንዱን ኅትመት ከሌላው ይለያል። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ምስል «1936» ተብለው የተቀረጹት ሳንቲሞች ያንኑ ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ታትመዋል። ስለዚህ ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ገበያ ወጥቶ «ይኸው ዓመቱ» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁም ይህን አስታውሱ።

ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ አትወልውሉት። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ሳንቲም ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ ወዲያው ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ እንዲሁ ከአገር አይወጣም። የቤታችሁ ጌጥ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የቅርስ ባለሥልጣን ወይም የክልላችሁ ባህል ቢሮ ይነግራችኋል። ፎቶ መላክ ግን ማንንም አያስጠይቅም፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ታሪኩን ጻፉት። የጠገራ ብር ገበያ ካበቃ ቆይቷል፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ በኋላ እየቀረ ሄደ። በጠገራ ብር ግመል ሲሸጥ ያየ ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው የገፋ ነው። ልጅ ልጆቻችሁ ስልካቸውን ይክፈቱና ይጠይቁ። ማን አመጣው? ከየት ገበያ? በስንት ከብት? የትኛው አንጥረኛ ጆሮ በየደለት? ለማን ሠርግ ተደረገ? በየትኛው ድርቅ ጊዜ ከድሪው ላይ አንዱ ተነቅሎ ተሸጠ? ሚኒያፖሊስ ያለው መርማሪ የቱንም ያህል ቢያጎላው እነዚህን መልሶች ከብሩ ላይ ሊያነብ አይችልም። የፊልቱው አባት ግን በሦስት ገጽ ደብዳቤያቸው ውስጥ ግማሹን ጽፈውልናል።

ስለ ድሪው

ወደ ልጆችዎ ክርክር እንመለስና እንጨርስ። አንጥረኛ በሚዛን ሲገዛ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ነው። የሰንሰለቱ ሥራ፣ የጆሮዎቹ አበያየድ፣ ዘጠኙ አንድ ላይ መኖራቸው፣ ይህ ሁሉ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ተመልሶም አይገኝም። የልጅቷ ክፍያ የግድ ከሆነና ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ አስቀድሞ ከድሪው የወጣውንና አሁን በማሸጊያ ያለውን አንዱን ብር ሽጡ። ስምንቱ ከነሰንሰለታቸው ይቆዩ። ሽያጩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ግን አሜሪካ ያለችውን እህታቸውን ጨምሮ ልጆቹን ሁሉ ሰብስባችሁ «ክፍያውን ተካፍለን ብንችለውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የስድስት ልጆች አባት ነዎት፤ ለስድስት ሲካፈል ብዙ ነገር ይቀላል።

ዕቃውም ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይሁን። በቤተሰብ ሽማግሌ ፊት ቢሆን ደግሞ የበለጠ። እንዲህ ያለ ጌጥ ወንድማማቾችን ያለያየባቸው ቤቶች ብዙ ደብዳቤ ጽፈውልናል።

ኩባንያው ሲመልስ ምን እንዳለ ይጻፉልን። ሮምም ይሁን ቬና፣ አንባቢዎቻችን ማወቅ ይፈልጋሉ። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ።